ያልደረሰው ፋይል

የጡረታ ቅርንጫፍ ቢሮው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከመሰላሉ ሥር በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው የሥራ ዘመን ሲደረድሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ የራሳቸው ጡረታ አምስት ወር ቀርቶት ነበር። አንጀት ይበላል።

የፖሊስ መርማሪዋ ብዙ አታወራም፤ የሰው ወሬ ግን እስኪያልቅ ትሰማለች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚያወራ ሰው ነው።

«ወድቆ ነው» አላት። «ጡረታ የጠየቀ አንድ በያጅ አለ፣ የእሱን ፋይል ከላይኛው መደርደሪያ ሊያወርድ ሲል። የበያጁ ሚስት ትናንት ሽማግሌውን ስትሰድበው ነው የዋለችው፤ እሷንም ይጠይቋት።»

የበያጁ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ባሏ በሌላ ከተማ ስምንት ዓመት፣ እዚህ ስድስት ዓመት በይዶ፣ አሁን ሳንባው አልቆ ተኝቷል። የሁለቱ ከተማ አገልግሎት ካልተደመረ አሥር ዓመት አይሞላም፤ ጡረታ የሚባል ነገር የለም።

«ሰድበሻቸዋል?»

«ምላሴን ይቁረጠው፣ ሰድቤያቸዋለሁ! ‹ፋይሉ ከዚያኛው ከተማ አልደረሰም› እየተባልኩ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ይኸው የትናንቱ ደብዳቤ።»

የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው።

«እሳቸውስ ምን አሉሽ?»

«‹ልጄ፣ ነገ ነይ› አሉኝ።»

የሽማግሌው ረዳት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ከሌላ ከተማ የመጣ ፋይል የት ነው የሚቀመጠው?» አለቻት መርማሪዋ።

«አገልግሎቱ እስኪደመር ቁጥር አይሰጠውም፤ ቁጥር የሌለው ደግሞ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። እዚህ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር።»

«ሥራ አስኪያጁ ይህን ያውቃሉ?»

«እሳቸው? አቧራው ያስነጥሰኛል ብለው እዚህ ክፍል ረግጠውም አያውቁ!»

መርማሪዋ ሦስቱንም መሰላሉ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«በፊታቸው የተደፉ ሰው ማጅራታቸው የሚፈነከተው ከኋላ ሲመቱ ነው። መሰላሉን ያቆመው ገዳዩ ነው፤ እሱ ደግሞ የዚህን ክፍል አሠራር አያውቅም። ረዳታቸው ብትሆን ያን ፋይል መደርደሪያ ላይ አትፈልገውም። የበያጁ ሚስት ደግሞ ፋይሉ መድረሱንም አልሰማች።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎ ትናንት ‹አልደረሰም› ብለው ፈረሙ፤ ዛሬ ‹ሊያወርድ ሲል ወደቀ› አሉኝ። ያልደረሰ ፋይል እንዴት ይወርዳል?»

«እኔ… ተሳስቼ ነው።»

«ቢሮዎ እንሂድና ካቢኔዎን ይክፈቱ።»

ፋይሉ እዚያው ነበር። የበያጁ ስም ተፍቋል፤ በፎቶው ቦታ የሌላ ሰው ፎቶ ተለጥፏል።

«እንዴ! ይሄማ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ነው!» አለች ረዳቷ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ፋይሉ ሲደርስ እኔው ጋ አስቀረሁት፤ ፎቶውን ስለጥፍ ሽማግሌው ገብቶ አየኝ። ዝም በል ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ማታ መዝገብ ቤት ተከትዬው ገብቼ ከኋላ መታሁት።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ የበያጁ ሚስት እጇን ዘረጋች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ። በይ ስጪኝ፣ ዛሬውኑ ይደመርልን።»

መርማሪዋ ግን ፋይሉን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትታ አሸገችው። የሴትዮዋን ዓይን ማየት ከብዷታል።

«አሁን ማስረጃ ሆኗል። ፍርድ እስኪሰጥ ማንም አይነካውም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዓመት። ምናልባትም ሁለት።»

«ሐኪሙ እኮ ለባሌ ሦስት ወር ነው የሰጠው» አለች ሴትዮዋ።