ሠላሳ ስምንተኛው ሊንክ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጥበቃው ቤካ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምቶ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሸዋንግዛው ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። የወደቀው ከአራተኛ ፎቅ፣ ከቤቱ ደጃፍ ነው።

እስከ አራት ሰዓት ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሶ ነበር፤ «ራሱን ወረወረ»። እህቱን እንዳለችን ያንገበገባት ይኸው ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ቄሱም «ፖሊስ ቁርጡን ይንገረን» ብለው ተለይተዋታል።

ኢንስፔክተር ነፊሳ ደግሞ የሟቹን ኮምፒውተር ከፍታ ሊንክ በሊንክ ትጫናለች። ሸዋንግዛው ሰንጋ ተራ ቤታቸው ፈርሶ ለተበተኑ ጎረቤቶች ድረ ገጽ ሠርቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ፤ የቤቱ ፎቶ፣ የባለቤቱ ስም፣ አሁን ያለበት ቦታ። ሊንኮቹ ግን በየጊዜው ይበላሹና አልከፍት ይላሉ።

«እኔ ወንድሜ ሞቶብኛል፣ እርስዎ ኢንተርኔት ያያሉ!» አለች እንዳለች።

«ታገሺኝ እህቴ። ኔትወርኩም እንዳንቺው አላስቀመጠኝም።»

መጀመሪያ የተጠራው ድረ ገጹን አብሮ የሠራው ኤፊ ነው።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«አዎ። የተበላሹትን በሙሉ እናጥፋ አልኩት። ‹ሰው እኮ ነው የምታጠፋው!› ብሎ ጮኸብኝ። እሱ መጠገን ሲያቅተው እንኳ አያጠፋም፤ ‹ይህ ገጽ ጠፍቷል፤ የሚያውቅ ይደውልልኝ› ብሎ ስልኩን ይጽፍበታል። ‹ይሄ ሥራ ይገድለኛል› ይል ነበር።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«እሱ፣ እኔና ጋሼ ወልደ ሚካኤል። የሦስታችንም አንድ ነው።»

አቶ ወልደ ሚካኤል የነባር ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ገቡ።

«እኔ ልጄ፣ ማስታወቂያ ከመለጠፍ በቀር ምን አውቄ? ሊንክ ወደ ዋናው ገጽ መምራት፣ እሷን ብቻ አስተምሮኛል፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«ሠላሳ ስምንተኛውን ቤት ያውቁታል?»

«የእሱ ሊንክማ ተበላሽቷል። ትናንት ማታ ብሞክረው ወደ ዋናው ገጽ መለሰኝ።»

ነፊሳ ጻፈችው። እንዳለች ጥርሷን ነከሰች፤ ቀኑ እየሄደ ነው፣ ቀብሩ ግን ገና አልተወሰነም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም የሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቄሱም ተጠርተው መጡ።

«ከተበላሹት ሊንኮች ሁሉ ማስታወሻ የሌለው አንድ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ስምንት። ዝም ብሎ ወደ ዋናው ገጽ ይመልሳል። ይህ የሸዋንግዛው አሠራር አይደለም። ኮምፒውተሩ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሊንኮቹን ይፈትሻል። ዛሬ ሲፈትሽ ሠላሳ ስምንት ደህና ነበር። የተቀየረው አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው።»

«ያን ጊዜማ...» አለች እንዳለች።

«ያን ጊዜ ወንድምሽ ከወደቀ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል።»

የኤፊ ፊት አመድ መሰለ።

«አይዞህ። አንተ ብትሆን ገጹን ራሱን ትደመስሰው ነበር። ይህ ሰው ግን ሊንኩን ብቻ ነው ያዞረው፤ ገጹ በቦታው አለ።» የገጹን አድራሻ ራሷ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ፎቶ ተከፈተ፤ የጭቃ ቤት፣ በሩ ላይ አንዲት ሴት። «‹ባለቤት፦ ወይዘሮ መሰለች። አሁን አብነት፣ ኪራይ ቤት።› ይህን ቤት ‹የእኔ ነበር› ብለው ምትክ ቤት የጠየቁበትን ማመልከቻ አስመጥቼ አይቻለሁ፣ አቶ ወልደ ሚካኤል። የሚያውቁት ደግሞ ሊንክ ወደ ዋናው ገጽ መምራት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የተቀየረውን እንዴት ትናንት ማታ አዩት?»

የሰውየው ጋቢ ከትከሻቸው ወረደ፤ አላነሡትም።

«አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹እትዬ መሰለችን አላጠፋም› አለኝ። ደረቱን ገፋ አደረግኩት... የደጃፉ አጥር አጭር ነው።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ጋሼ ሲልዎት!» አለች እንዳለች።

ቄሱ ወደ እሷ ዞሩ። «ነገ በስድስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን አድርሱት፣ ልጄ።»

ሸዋንግዛው ሐሙስ ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። ተበላሽተው ከቀሩት አሥራ ዘጠኝ ሊንኮች አሥራ ሰባቱን እንዳለችና ኤፊ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጠገኑ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ ማስታወሻቸው ላይ ያለው ስልክ የእንዳለች ነው።