ደም የሌለው ሳጥን

አራት ሰዎች አስከሬኑን ሊያነሡ ሲያንቀሳቅሱት፣ በእጁ ላይ ቆሞ የነበረው ሰዓት መሄድ ጀመረ።

አንዱ የያዘውን እግር ለቅቆ አማተበ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ወደ በሩ ሸሹ። ኢንስፔክተር መስቱራ ብቻ እንደተንበረከከች ቀረች። ከአሥር ደቂቃ በፊት፣ ማንም ሬሳውን ሳይነካ፣ በባትሪ እያበራች ያየችውን ጮክ ብላ አንብባ በደብተሯ ጽፋው ነበር። ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ላይ ቆሟል፤ ቀኑን የምታሳየው ትንሽ መስኮት አሥራ ስምንት ትላለች። አሁን ግን ሰከንድ ቆጣሪው ምንም እንዳልተፈጠረ ይዞራል። መስተዋቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«ሰዓቱ ገዳዩን አውቆት ነው» አለ አንድ ድምፅ። የሰው ሁሉ ዓይን እጁን ታስሮ በሩ ሥር ወደተቀመጠው የትራክተር ሹፌር፣ ወደ ሰሎሞን ዞረ።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ጥቅምት ሃያ አንድ ነበር። ሟቹ አቶ ባየልኝ ከጎንደር ወርደው፣ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ የያዙ ባለሀብት ናቸው። የተገኙት በእርሻ ካምፓቸው መጋዘን ውስጥ የጆንያ ክምር ተንዶባቸው ነው። ለሩቅ ሰው አደጋ ይመስላል። ነገር ግን በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ጆንያ ደግሞ ሰው ገድሎ ሲያበቃ ወጥቶ በር አይቆልፍም። ከሸሕዲ የመጣው ሐኪም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ መጀመሪያ ራሳቸውን በብረት ነገር እንደተመቱ ተናገረ። መቼ ለሚለው ግን፣ በዚህ ሙቀት ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ባለው ውስጥ ነው ከማለት በቀር አልችልም አለ።

የመጋዘኑ ቁልፍ ሦስት ነው። አንዱ የሟቹ ሲሆን መተማ ዮሐንስ ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ተገኝቷል፤ እሱን ሚስታቸው ወይዘሮ ስርጉት ልታነሣው ትችላለች። ሁለተኛው እርሻውን የሚመራው የታናሽ ወንድማቸው የያረጋል ነው። ሦስተኛው የሰሎሞን። ሐሙስ ጠዋት ሽታው ሲበረታ በሩን የከፈተው ሰሎሞን ስለነበር፣ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የሟቹ ዘመዶች ሲደበድቡት ቆይተዋል።

ያረጋል በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው።

«ወንድሜ ሰዓቴ ባትሪ የለውም፣ በደሜ ነው የሚሄድ ሲል ያልሰማ የለም» አለ። «ደሙ ሲቆም ሰዓቱም ቆመ። ጥቅምት አሥራ ስምንት ሰኞ ነው። ሰኞ በስምንት ሰዓት፣ በቀኑም በለው በሌሊቱ፣ ካምፑ ውስጥ ከዚህ ሰውዬ በቀር ማን ነበር?»

ማንም አልነበረም። የቀን ሠራተኞቹ ሰኞን ውለው ያደሩት ራቅ ባለው ማሳ ላይ ነው። ሰሎሞን ብቻ ትራክተር ሲጠግን ውሎ ካምፕ አድሯል። ቅዳሜ ደግሞ ከአቶ ባየልኝ ጋር ሰው ፊት ተጣልቷል። ከደጋ የወረዱት ዘመዶች ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም፤ ፍርድ ቤት እንደማይጠብቁም አልደበቁም። የመስቱራ አለቃ በስልክ እስከ እሑድ ጊዜ ሰጣት። እሑድ ተጠርጣሪው ወደ ጎንደር ይላካል፤ ከጣቢያው እስከ መኪናው ባለው መንገድ ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ያውቃል።

መስቱራ ሰዓቱን ፈትታ በእጇ አገላበጠችው። አባቷ ሸሕዲ ገበያ ውስጥ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው ነው የሞቱት። እሷም ሰዓት ከባድ ነገር ሲጫነው እንዴት እንደሚቆም፣ ደክሞት ሲቆምም እንዴት እንደሚቆም ታውቃለች። ይሄኛው አልተጫነም።

ወይዘሮ ስርጉት መተማ ዮሐንስ ባለው ቤቷ ከለቀስተኛው መካከል ተጠርታ ስትመጣ ፊቷን አልፈታችም። ጓዳው ውስጥ አንዲት ጥቁር ሳጥን እንደ ንብ ድምፅ እያሰማች ትዞራለች፤ መሐሏ የሰዓት ማሰሪያ አለ፣ ሰዓት ግን የለም። መስቱራ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«የሰዓት ማዞሪያ ናት። ሳጂድ የሚባል ከድንበሩ ማዶ የጋላባት ደንበኛቸው ነው ያመጣላቸው። ማታ ሰዓቱን ያስቀምጡባታል፤ ስታዞረው ታድራለች፤ እኔም ሳልተኛ አድራለሁ።»

«በየቀኑ የሚያስሩት ሰዓት ማዞሪያ ምን ያደርግለታል?»

«ይህንኑ ስጠይቅ አይዶለም ሁለት ዓመት የኖርሁት! አሥር ሰዓት ያለው ሰው፣ አንዱን አስሮ ሌላውን ለሳምንት የሚተው፣ እሱ ይግዛ። የእሳቸው አንድ፣ እሷም ከእጃቸው የማትወርድ። ትዕቢት ነበር፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ባሏ በሞተ በቀናት ውስጥ እንዲህ የምትናገር ሴት መስቱራ ገጥሟት አያውቅም። ቢሆንም ውሸት የማትናገር መሰለቻት። ስርጉት የቀረውን ባጭሩ ተናገረች። ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት አብረው ራት በልተዋል። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ባሏ ሰዓታቸውን ከሳጥኗ አውጥተው አስረው፣ ካምፕ ጎራ ብለው በዚያው በአውቶቡስ ጎንደር እንደሚወጡ ነግረዋት ሄዱ። የፈለጋቸው ሰው ያልነበረውም ለዚህ ነው። እሷ ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

«ጎንደር ምን ሊሠሩ?»

«የእርሻውን ወረቀት ሊያዞሩ።»

«ከማን ወደ ማን?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሬሳቸው ሳይቀበር አልናገርም። ሂጅና ሹፌሩን ጠይቂው።»

መስቱራ ሳጥኗን ከነባትሪዋ አስጭና ወጣች። ስርጉት አልከለከለቻትም፤ ይዘሽልኝ ጥፊ አለቻት።

ያረጋልን ያገኘችው እዚያው ግቢ፣ ድንኳን ሲያስተክል ነው። መጀመሪያ አንቱ እያለ መለሰላት። ሰኞ የት እንደነበረ ስትጠይቀው ሳይቸኩል ዘረዘረ። ከእሑድ እኩለ ቀን እስከ ረቡዕ ሸሕዲ የሰሊጥ አጫጅ ሲቀጥር ነበር፤ መቶ ሰው ይመሰክርለታል። መስቱራ ይህን አስቀድማ በስልክ አጣርታ እውነት ሆኖ አግኝታዋለች። ስለዚህ ሌላ ጠየቀችው።

«ከሸሕዲ በፊትስ?»

«ካምፕ ነዋ። ቅዳሜ እዚያው አድሬ እሑድ በአምስት ሰዓት ወጣሁ። ሠራተኛው ሁሉ ሰንበት ነው ብሎ በማለዳ ከተማ ገብቶ ነበር፤ ብቻዬን ቁርሴን በልቼ ወጣሁ። እሑድ ምን ያደርግልዎታል? ወንድሜ የሞተው ሰኞ ነው።»

«ወንድምዎ እሑድ ካምፕ ጎራ እላለሁ ብለው ነበር።»

«እኔ አላየሁትም። ከወጣሁ በኋላ መጥቶ ይሆናል።»

ወሬውን ወደ ሳጥኗ አዞረችው። እዚህ አገር መብራት በሄደ ቁጥር ማዞሪያዋ ትቆማለቻ፣ አለች እንደዋዛ። ያረጋል ተከፋ።

«አትቆምም። ከሶላር ባትሪ ጋር ያያያዝኋት እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት እንኳ አላቋረጠችም። ጠዋት ጠዋት ሲያስረው ሰዓቱ ጢም ብሎ የተሞላ ነው።» ከዚያ አንቱታውን ተወው። «አንች ስለ ሳጥን ከምትጠይቂኝ ያንን ነፍሰ ገዳይ ለምን አትጠይቂውም?»

ጠየቀችው። ሰሎሞን ከንፈሩ አብጦ ጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ቅዳሜ የተጣሉት አዱኛ ስለሚባል የወሎ ልጅ ነው፤ ለማጨድ የመጣ፣ ወባ የጣለው ሰው። ሰሎሞን በትራክተር ተጎታች ጭኜ ጤና ጣቢያ ላድርሰው ሲል፣ አቶ ባየልኝ ትራክተሬ አምቡላንስ አይደለም ብለው ከለከሉት።

«እሑድ ጠዋት ግን ሳይፈቅዱልኝ ወሰድሁት» አለ። «ሌላ ጥፋት የለብኝም። ሰኞ ብቻዬን ነበርሁ፤ እውነት ነው። ብቻውን የነበረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?»

ያን ማታ መስቱራ ሰዓቱን ሳጥኗ ውስጥ አሳደረችው። ዓርብ ጠዋት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አውጥታ፣ በእጇ ሳትወዘውዘው፣ ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችውና በሩን ቆልፋ ወጣች። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቃት። እየጠበቅሁ ነው አለችው፤ ሰደባት። የሟቹ ዘመዶችም ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ከሹፌሩ ጋር ተስማምታለች ብለው አሟት። እሑድ ማለዳ በመስኮቱ አጮልቃ አየች። ሰዓቱ አምስት ተኩል ላይ ቆሟል፤ ቅዳሜ ሌሊት ማለት ነው።

በዚያው ጠዋት ሁሉንም ካምፑ ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው። ስርጉት በጥቁር ልብሷ፣ ያረጋል ክንዱን አጣምሮ፣ ሰሎሞን በካቴና ተቀመጡ። ባለጠመንጃዎቹ ዘመዶች በሩን ዘግተው ቆሙ። መስቱራ ሰዓቱንና ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«አቶ ባየልኝ ሰዓቴ በደሜ ይሄዳል ይሉ ነበር አላችሁኝ» አለች። «ማታ ማታ ደግሞ ሳጥኗ ውስጥ ይሄዳል። ሳጥኗ ምን ደም አላት?»

ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንሥታ አሳየቻቸው።

«ሰዓቱ የሚሞላው በእንቅስቃሴ ነው። እጅ ሲወዛወዝ ውስጡ ያለው ሞላ ይጠነጠናል፤ ሳጥኗም ይህንኑ ነው የምትሠራ። እጅ ጸጥ ቢልም ሞላው እስኪላላ ድረስ ሰዓቱ አይቆምም። ሬሳው ሲነሣ የሄደውም ስለተነቃነቀ ነው እንጂ ገዳይ ስላወቀ አይደለም። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እኔም አላውቅም ነበር። ሞልቼ አስቀመጥሁት። አርባ አንድ ሰዓት ሄደ።»

ከዚያ ቀስ ብላ አብራቸው ቆጠረች። ሰኞ በቀን ስምንት ሰዓት ቆሞ ከሆነ፣ አርባ አንድ ሰዓት ወደኋላ ሲቆጠር ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያደርሳል። ያን ጊዜ አቶ ባየልኝ ከሚስታቸው ጋር ራት እየበሉ ነበር። ስለዚህ የቆመው ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ በስምንት ሰዓት ነው፤ ይህ ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነውና። ወደኋላ ሲቆጠር እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ግድም።

«ልክ ስለመሆኑ በምን ታውቂያለሽ?» አለች ስርጉት። «ግማሽ ብቻ ተሞልቶ ቢሆንስ?»

«ሳጥኗ ባትኖር አላውቅም ነበር። ሳጥኗ ግን በየሌሊቱ ትሞላዋለች፤ አንድ ሌሊት እንኳ አላቋረጠችም። ይህን የነገረኝ አቶ ያረጋል ነው።»

ያረጋል ክንዱን ፈታ።

«እሑድ በሦስት ሰዓት ወይዘሮ ስርጉት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ያላያት ሰው የለም። ሰሎሞን ከሁለት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት አዱኛን ይዞ ጤና ጣቢያ ነበር፤ የመዘገቡት ነርሶች አሉ። ሟቹ ቁልፋቸውን ቤት ትተው ስለመጡ መጋዘኑን የከፈተላቸው ሌላ ሰው ነው። ካምፑ ውስጥ እስከ አምስት ሰዓት ብቻውን የነበረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ማንም ሳያስገድደው ራሱ ነግሮኛል። ለምን ይዋሻል? ሰዓቱ ሰኞን ሰጥቶታል፤ እሑድን መደበቅ አላስፈለገውም።»

ስርጉት ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። ወረቀቱ እርሻውን የሚመራበት ውክልና እንደሆነ፣ ከእሱ ወደ ሌላ ሰው ሊዞር እንደነበረ፣ ባሏም እሑድ ጠዋት እነግረዋለሁ ብለው እንደወጡ ተናገረች።

«የምታውቂ ከሆነ እስከዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አላት ያረጋል።

«ሬሳቸውን ለቀብር የተሸከምኸው አንተ ነህ። አንተን አልጠረጠርሁም።»

ያረጋል ከዚያ በኋላ አልካደም። የተናገረው ለመስቱራ ሳይሆን በሩ ላይ ለቆሙት ዘመዶቹ ነበር።

«አሥራ አምስት ዓመት! ይህን ጫካ የመነጠርሁት እኔ ነኝ። ወባው የጣለኝ እኔን ነው። እሱ ጆንያውን እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል፣ ወደ ደጋህ ተመለስ አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው። በእጄ የትራክተር ብረት ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ትንፋሹ ቆመ፤ ሰዓቱ አልቆመም። ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሰኞ ላይ ቆሞ ሲገኝ፣ እግዜር ያወጣኝ መሰለኝ።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከሰሎሞን ፈትተው ያረጋልን አሰሩበት። ዘመዶቹ መሬት መሬት አዩ። ሰሎሞንን ሲደበድብ የነበረው ትልቁ ሰውዬ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ከበሩ ዘወር አለ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

መስቱራ ሰዓቱን ለማስረጃ አሸገችና ሳጥኗን ወደ ስርጉት ገፋ አደረገች። ስርጉት አልነካቻትም።

«ውሰጃት። ለእሳቸው እንኳ አላስፈለገቻቸውም።»

«በሕይወት እያሉ አላስፈለገቻቸውም» አለች መስቱራ።

ሰሎሞን የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ወደ ትራክተሩ ሄደ። ተጎታቹን አያያዘና ሞተሩን አስነሣ። ወዴት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ አዱኛ ዛሬ ከጤና ጣቢያ ይወጣል፣ መመለሻ የለውም አላት። በዚህ ጊዜ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።