ስምንት እሺ፣ ስምንት አይሆንም

ጁወይሪያ የመጨረሻዋን ወረቀት አነሳች። እስካሁን ስምንት «እሺ»፣ ሰባት «አይሆንም»። የአባቷ የደረጃ ወንበር እንዲተከል የጎደለችው አንዲት «እሺ» ብቻ ናት።

«አንብቢያት እንጂ፣ የእኔ ልጅ» አሉ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ቴዎፍሎስ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጥርት ያለ ድምፅ አላት ብለው ቆጠራውን ለእሷ የሰጡትም እሳቸው ናቸው።

ወረቀቷን ዘረጋች። «አይሆንም» አለች።

ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ «ውይ!» አለ። ከአሥራ ስድስቱ ቤቶች ስምንቱ «አይሆንም» ብለው ጽፈዋል፤ የጻፉትም ካልጻፉት ጋር አብረው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ያሳዝናል እኮ!» «ምን ይደረግ!» ጁወይሪያ ሁሉም አስጠሏት።

አባቷ ያሕያ ሹፌር ነበር። ከአልዩ አምባ ማሾና ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን ያመላልስ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንኮበር ዳገት ላይ በጉም መሀል አይሱዙው ተገለበጠና እግሮቹ በዚያው ቀሩ። ቤታቸው ደግሞ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ሃምሳ አራት ደረጃ። ከቤት የሚወጣው አርብ አርብ ለጁምዓ ብቻ ነው፤ እሱም አራት ሰው በወንበር ተሸክሞ ካወረደው። አራቱን ሰው በየበሩ እያንኳኳች የምትለምነው ጁወይሪያ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ «እኔ እያለሁ!» እያለ ይሻማ ነበር። አሁን አሁን ጫማው በር ላይ ተቀምጦ፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ ቤት ውስጥ ሰው የለም።

የደረጃውን ወንበር ሐሳብ ያመጣው አጎቷ ጃፈር ነው። ብየዳ ቤት አለው። አንድ ቀን በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ፣ ወንበር በደረጃ ጠርዝ በተተከለ ሐዲድ ላይ ሰው አስቀምጦ ሽቅብ ሲወጣ አየ። «ይቺማ ምን አላት!» ብሎ ተነሳ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጠየቅ ሁሉም «ምን ችግር አለው!» አለ። ይህን ጊዜ ነው ጃፈር የተሳሳተው፤ «ምን ችግር አለው» ማለት እሺ ማለት መስሎት ሥራውን ጀመረ። ለማዞሪያዎቹ ብረት ሲያጥፍ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መቀመጫውን ከተገለበጠው አይሱዙ ነቅሎ አመጣው፤ ያሕያ አሥር ዓመት የተቀመጠበት ጋቢና ወንበር ነው። አረንጓዴ ቀለምም ቀባው።

ከዚያ የስምምነት ፊርማ ሲጠየቅ ጉድ መጣ። የአንዱ መነጽር ጠፋ፣ የአንዷ ባል መንገድ ሄደ፣ የሌላው እስክሪብቶ አልጽፍ አለ። በሦስት ሳምንት አንድም ሰው አልፈረመም። ፊት ለፊት እምቢ ያለም የለም። ጋሽ ቴዎፍሎስ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ነገሩ ገባቸው። «እንግዲህ ስም ሳትጽፉ በወረቀት አድርጉት» አሉ።

ጁወይሪያ ውጤቱን ለአባቷ ልትነግረው ስትገባ ከታች ከሚመጣው ድምፅ ሰምቶ ጨርሷል።

«ስምንት ሰው ፈቅዷል» አለ። «ስምንት ሰው ቀላል ነው? አልሐምዱሊላህ።»

«አባዬ፣ እነማን እንደሆኑ ልንገርህ? አንዳንዱን በጽሑፉ አውቄዋለሁ።»

«እንዳትነግሪኝ!» አለ ቶሎ ብሎ። «ነገም ሰላም የምላቸው ሰዎች ናቸው።»

እውነቱን ለመናገር ያወቀችው አንዱን ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ወረቀት በወይን ጠጅ ቀለም ነበር የተጻፈችው። እስክሪብቶውን ደግሞ ባለፈው መስከረም ለጓደኛዋ ለዝናሽ የሰጠቻት ራሷ ጁወይሪያ ናት። ዝናሽ ከፊት ለፊታቸው በር ከአያቷ ከእማማ ወለተ ሥላሴ ጋር ነው የምትኖረው። እማማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ የምትጽፍላቸው ዝናሽ ናት።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ያዘቻት። «ያቺን ወረቀት የጻፍሻት አንቺ ነሽ።»

«የቷን?»

«ሙድ አትያዢብኝ! እስክሪብቶውን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።»

ዝናሽ የያዘችውን ሳምቡሳ ወደ ፌስታሉ መለሰችው። «እሺ፣ እኔ ነኝ።»

«እማማ ናቸው እንዲያ ያሉሽ?»

«አይ!» አለች ዝናሽ ፈጠን ብላ። «እማማማ እሺ በይልኝ ነው ያለችው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ለምን?»

«እንጃ። ደረጃው ይጠባል… ድምፁም ይረብሻል።»

«ሼም የለሽም? አባዬ እኮ ሒሳብ ሲያስጠናሽ የኖረ ሰው ነው! ውሸታም ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።»

 ክፍል ሲገቡም ጁወይሪያ ደብተሯን ሰብስባ አብረው ከሚቀመጡበት ዴስክ ተነስታ ኋላ ሄደች።

ግን ሐሳብ መጣላት። ድምፁ የእማማ ነው፤ ዝናሽ ከቀየረችው ተጭበርብሯል ማለት ነው። እማማ ለጋሽ ቴዎፍሎስ «እኔ እሺ ብያለሁ» ካሉ ዘጠኝ ይሞላል፤ ወንበሩም ይተከላል። ረቡዕ ዝናሽ ቲቶሪያል ላይ እያለች የእማማን በር አንኳኳች።

እማማ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማማ፣ እሁድ ዕለት ዝናሽን ምን ብለሽ ጻፊ ነው ያሏት?»

«አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። እሺ በይልኝ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት አለችኝ።»

እማማ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱት። «ውይ ልጄን! እንዲያ አለችሽ? እኔው ነኝ። አይሆንም በይልኝ ያልኳት እኔው ነኝ።»

ጁወይሪያ ጆሮዋን አላመነችም። እኚህ ሴትዮ አባቷን በየጠዋቱ «ልጄ ያሕያ፣ እንዴት አደርክ?» የሚሉት ናቸው።

«አምና የጎን ብሎኩ ሽማግሌ ሞተው ሲያወርዷቸው አላየሽም?» አሉ እማማ። «ጠበበን ብለው ሳጥኑን እንደ ቁም ሳጥን አቁመው ነው ያወረዱት። ማዞሪያው ላይ ሁለቴ አመለጣቸው። በመስኮት አየሁት። እንግዲህ ብረት ሲጨመርበት አስቢው። እኔ ከዚህ በኋላ በዚያ ደረጃ የምወርደው አንዴ ነው። ያን አንዴ ተኝቼ ልውረድ አልኩ። ይኸው ነው በደሌ።»

«ያን ቀን አጎቴ ብሎኑን ይፈታዋል፣ እማማ! አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። እሺ፣ ቃል እንገባለን።»

«ሁሉም እሺ ይላል ልጄ። እኔስ ለአባትሽ እሺ ብዬው የለ?» አሉና እጇን ያዙ። «እንዳትነግሪው፣ በናትሽ። እናቴ ነው የሚለኝ።»

ጁወይሪያ ተናደደች፤ አሳዘኗትም። ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት። ሐሙስን ሙሉ መምህሩ የሚያወሩት አልተሰማትም። ዘዴው እጇ ላይ ነው። ጋሽ ቴዎፍሎስ ሰው ፊት «እማማ፣ ፈቅደው ነበር?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ እማማ «እንዴታ!» ነው የሚሉት። በሰው ፊት እምቢ ማለት አይችሉም። ዝናሽም «እኔ ነኝ የቀየርኩት» ብላ የውሸታምነቱን ስም ትሸከማለች። አባቷ በራሱ ወንበር ተቀምጦ፣ ማንንም ሳይለምን ይወርዳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።

አርብ በአምስት ተኩል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለተኛ ፎቅ የጋሽ አድማሱ ጫማ በር ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑም ይጮኻል። ሳታንኳኳ አለፈችው። ሌሎቹንም አለፈቻቸው። ያንኳኳችው የዝናሽን በር ነው።

«ስኒከርሽን አድርጊ» አለቻት። «አባዬን እናውርድ። አጎቴና መስጊድ የሚያደርሰው የባጃጅ ሹፌር ከፊት ይይዛሉ። ከኋላ እኔና አንቺ።»

ዝናሽ ትክ ብላ አየቻት። «እማማን ጠየቅሻት፣ አይደል?»

«አዎ። ውሸታም ብዬሽ ነበር።»

«ነኝ እኮ» አለች ዝናሽ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ለጋሽ ቴዎፍሎስ ልትነግሪ ነው?»

«እንጃ» አለች ጁወይሪያ። የእውነቷን ነው፤ አልወሰነችም።

ያሕያ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በእንጨቱ ወንበር ላይ በመቀነት ታስሮ ደረጃው አፍ ላይ ደርሷል። ጃፈርና ሹፌሩ ከፊት ጎንበስ ብለዋል። ጋሽ ቴዎፍሎስ ከታች ሲመጡ ተገናኙ። «ሴቶቹ ናቸው እንዴ የሚሸከሙት? ኧረ ነውር ነው!» እያሉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ይህን ጊዜ እማማ በራቸውን ከፍተው ወጡና የያሕያን ትከሻ ዳበሱ።

«አይዞህ፣ ልጄ ያሕያ» አሉ። «እኔማ ፈቅጄ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ፈቅጄ ነበር።»

ጋሽ ቴዎፍሎስ እጅጌያቸውን እንደያዙ ቆሙ። «እንዴ፣ እርስዎ ፈቅደው ነበር?» አሉ። ሲደምሩ ከዓይናቸው ይታያል። ዞረው ዝናሽን አዩዋት፤ ወይን ጠጅ እስክሪብቶዋን ያውቁታል። «ታዲያ ያቺ የመጨረሻዋ ወረቀት…»

ዝናሽ አንገቷን ደፋች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። ያሕያ ቀና አለ። ጁወይሪያ አባቷ ፊት ላይ ተስፋ ካየች ሰንብታለች፤ አሁን አየችው። እማማም ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ጁወይሪያን ነው የሚያዩት።

«እማማ የፈቀዱት መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ያኔ ሁሉም ፈቅዶ የለ?»

ጋሽ ቴዎፍሎስ ራሳቸውን ነቅንቀው ግድግዳውን ተጠጉ። ያሕያ ፊቱን ወደ ደረጃው መለሰ።

«እማማ፣ ይግቡ፤ ብርዱ ይመታዎታል» አለች ጁወይሪያ። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ በግራ በኩል ጨበጠች። ዝናሽ በቀኝ በኩል ያዘች። ክብደቱ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጎተታት።

«ይዛችኋል?» አለ ጃፈር ከፊት።

«ይዘናል» አለችና የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደች።