ኩዋባራ እና ሌሎች

ሶይቺን ያወቅሁት ጃንጥላዬን ሲሰርቅ ነው። እሱ ግን «ተሳሳትኩ» ነው የሚለው። ካናዛዋ ዝናብ የማይለያት ከተማ ስለሆነች ሁላችንም ከየሱቁ አንድ ዓይነት ርካሽ የላስቲክ ጃንጥላ እንገዛለን፤ መሳሳት ያለ ነው። የእኔ እጀታ ላይ ግን የላቦራቶሪ ጠርሙሶች ላይ የምንለጥፈው ነጭ ፕላስተር ነበረበት፤ በጥቁር ቀለም «ሺኖዙካ ሚሳኦ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

በማግስቱ ይዞት መጣ።

«ስሙን አላየኸውም?» አልኩት።

«ዝናቡን ነበር የማየው፣ ሺኖዙካ ሳን። አሁን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሳቅሁ። ሞኝነቴ የጀመረው ያኔ ነው።

ሁለታችንም በፕሮፌሰር ኢዋኪሪ ሥር የደም ካንሰር እናጠና ነበር። እኔ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ በብልቃጥ የማሳድጋቸውን የካንሰር ሴሎች እመግባለሁ። እሱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት የሩዝ ጥቅልል ይዞ ይመጣና አንዱን ክርኔ አጠገብ ያስቀምጥልኛል። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ እያለሁ ያየኛል። እንደሚያየኝ አውቃለሁ፤ ቀና አልልም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የደከምኩት አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ የዚህ ካንሰር መድኃኒት አንዳንድ ሕመምተኞችን በመሀል ለምን እንደሚከዳቸው። በየካቲት አንድ ጠዋት ምክንያቱን አገኘሁት። ሶይቺን ጠራሁት። ማይክሮስኮፑን ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ እኔን ከዚያም ለረዘመ ጊዜ አየኝ።

«ሚሳኦ» አለኝ። የቤተሰቤን ስም «ሳን» ከሚለው የአክብሮት ቃል ጋር መጥራቱን ትቶ በራሴ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። «እንጋባ።»

በእኛ ሙያ የአንድ ጽሑፍ ጌታ ስሙ ቀድሞ የተጻፈው ሰው ነው። ጽሑፉን የሚጠቅሱት ሁሉ የሚጠሩት እሱን ብቻ ነው፤ የቀረነው «እና ሌሎች» ተብለን እናልፋለን። ብዙ የተጠቀሰ ይከበራል፣ ወንበርም ያገኛል። ሥራው የእኔ ስለሆነ ስሜ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ ለሳይንስ መጽሔት ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው ሶይቺ መጣ።

«ቶኪዮ አንድ የረዳት ፕሮፌሰር ቦታ ተከፍቷል» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቀዳሚ ስም ከሌለኝ ዞር ብለው አያዩኝም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ኅዳር ላይ ስንጋባ የቤተሰቤን ስም ትይዣለሽ። ከዚያ በኋላ ሺኖዙካ የምትባል ሰው የለችም። ዓለም ሁሉ ‹ኩዋባራ› እያለ ሲጠቅስ አንቺንም መጥራቱ አይደል እንዴ? አንቺ ሞኝ!»

አሳመነኝ ልበል? አይደለም፤ እወደው ነበር። ሁለቱን ስሞች ራሴው አቀያየርኳቸው። እጄን በእጄ ቆረጥኩት።

ጽሑፉ በወጣ በዓመቱ ሁለት መቶ ጊዜ ተጠቀሰ። ሶይቺ ወንበሩን አገኘ። ሠርጋችን ግን «ቤት ላግኝ»፣ «ሥራውን ልልመደው» እየተባለ ከኅዳር ወደ ኅዳር ተሸጋገረ። በመጨረሻ አንድ ቀን ባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለች ሻይ ቤት ቀጠረኝ።

«ፕሮፌሰር ኢዋኪሪ ከሴት ልጃቸው ጋር ለጋብቻ አስተዋወቁኝ» አለ። «እምቢ ልላቸው አልቻልኩም።»

ከአፌ የወጣው «ስሜስ?» የሚል ብቻ ነበር።

«የምን ስም?»

«ለመጽሔቱ ጻፍላቸው። ቀዳሚዋ እሷ ናት በላቸው።»

«አሁን? ሰው ምን ይላል? አትቀልጂ እንጂ።» ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። «ሠርጉ ላይ ግን ነይ። የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ተጠርቷል፤ አንቺ ብቻ ብትቀሪ ያወራሉ።»

ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። አምስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። የአንድ ሴል መልክ አይታ የማታውቅ ልጅ «ወይዘሮ ኩዋባራ» ስትባል ሰማሁ። በዕድሜዬ ሶይቺን እንደዚያ ቀን የጠላሁበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀን የወደድኩበትም የለም።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያንን ጽሑፍ አልጠቀስኩም። ሥራዬ ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው፤ መሠረትን አለመጥቀስ ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዙሪያውን እየዞርኩ ጻፍኩ።

ሰንዳይ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ አዲሱን ግኝቴን አቀረብኩ። መድረኩን የሚመራው ሶይቺ ነበር። ስጨርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ተነስታ እጅ ነሳች።

«ግሩም ሥራ ነው ዶክተር። ግን መሠረቱ የኩዋባራ እና ሌሎች ግኝት ነው፤ አልጠቀሱትም። ምናልባት አላነበቡት ይሆን?»

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። ሶይቺን አየሁት። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «የራሷ ነው» ማለት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ሰዓቱን ተመለከተ።

«ጊዜያችን አልቋል» አለ። «ሺኖዙካ ሳን፣ በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ቢያካትቱት መልካም ነው።»

አንቱ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት።

ካናዛዋ ተመልሼ ጽሑፌን ከፈትኩ። ነገሩ በአደባባይ ከተነሳ በኋላ ካልጠቀስኩ መጽሔቱ አይቀበለኝም፤ ግኝቱን የሚጠብቁት ሕመምተኞች ደግሞ የእኔን ኩርፊያ አያውቁም። «ኩዋባራ እና ሌሎች» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ሲወጣ ያ የድሮው ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ አየሁ፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሷል። የመጨረሻዋ ጠቃሽ እኔ ነኝ።

አንድ ሰው በተጠቀሰ ቁጥር የጠቃሹን ስም የያዘ መልእክት ይደርሰዋል። ለሶይቺም ደርሶታል። ያን ቀን እንኳ ስሜን አንብቦት ይሆናል።