ያልተሰነጠቀው ባትሪ

በጥቅምት መጨረሻ የሽማግሌው ካሌርቮ ጀልባ ከባሕር ወጥታ በእንጨት መደገፊያ ላይ ስትቀመጥ ምንም አልጎደላትም ነበር። ውሃዋ ተንጠፍጥፏል፤ ሞተሯ በረዶ የማይበግረው ፈሳሽ ተሞልቶለታል፤ ባትሪዋም ሙሉ ነበር። በየካቲት አንድ ጠዋት ግን ካሌርቮ እንደ ልማዱ የጋዝ ማሞቂያውን ለኩሶ ጓዳዋ ውስጥ ሲጠጋግን፣ የታመቀው መርዛማ አየር ገደለው። መርዛማ አየር ሲኖር እንዲጮኽ የተገጠመው፣ በባትሪው የሚሠራው የማስጠንቀቂያ ደወል ትንፍሽ አላለም።

መርማሪ ሂልካ ከቀትር በኋላ ስትደርስ የሟች ልጆች አስከሬኑ አጠገብ ይነታረካሉ።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው!» አለ ሬይማ። «ባትሪውን መሙላት ያንቺ ሥራ ነበር። በኅዳር ራሴ ለክቼ ባዶ ነው ብዬሽ አልነበር?»

«ውሸታም! በየወሩ ሞልቼዋለሁ!» አለች ታይና።

የጀልባ ማቆሚያው ጠባቂ ኦስሞ በንዴት ምራቁን በረዶው ላይ ተፋ። «የአባታችሁ ሬሳ ሳይነሣ! ትንሽ አታፍሩም?»

ሂልካ ባትሪውን ለካች፤ ባዶ ነው። ጓንቷን አውልቃ ጎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«ጋሽ ኦስሞ፣ ዘንድሮ ብርዱ ስንት ደረሰ?»

«ጥር ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት። ባሕሩ በረዶ ሠርቶ መኪና ሲነዳበት ነው የከረመው።»

«ከሟቹ በፊት ዛሬ ማን መጣ?»

«ሬይማ፣ ገና ሲነጋ። የዓሣ መረቡን በበረዶ ሸርተቴ እየጎተተ።»

ሂልካ ሦስቱንም ጀልባዋ ሥር አቆመቻቸው።

«ባዶ ባትሪ በዚህ ብርድ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ ያብጥና ይሰነጠቃል። የሞላ ግን በረዶ አይሠራም። ይሄ ከኅዳር ጀምሮ ባዶ ከነበረ፣ ስንጥቁ የታለ?»

«ማሞቂያው አቅልጦታላ!» አለ ሬይማ።

«ማሞቂያ በረዶ ያቀልጣል እንጂ ስንጥቅ አይጠግንም። ታይና የሞላችው ከሆነም በጥቂት ሳምንት ባዶ አይሆንም፤ ስለዚህ ይሄ ባትሪ የከረመው ሙቅ ቤት ውስጥ ነው። የሞላውን ወስዶ ይሄን የተካው ሰው ዛሬ ጠዋት መጥቷል። በኅዳር ባዶ ነበር እያለ የሚምለውም እሱ ብቻ ነው።»

ታይና ወንድሟን አንገትጌውን ጨመደደችው። «ባሕር ዳር ያለውን መሬት አልሸጥም ስላለህ? ለመሬት ብለህ አባባን ገድለህ በእኔ ልታላክክ?»

«ዕድሜ ልኬን እምቢ ሲለኝ ኖረ!» ብሎ ጮኸ ሬይማ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ዘግይቷል።

የተወሰደው ባትሪ በሬይማ የመረብ ጎጆ፣ ከሸራ ሥር ተገኘ። ክዳኑ ላይ ታይና በጥር ሞልታ ስታበቃ የጻፈችው ቁጥር ተለጥፏል፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት ቮልት። ሂልካ መለኪያዋን አስነክታ አነበበች። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት፤ አሁንም ሙሉ ነው።