ቦራም አልነሳም አለች

ወይዘሮ ኦክሱን ምለው ነበር። «ካንሰር ያለባት ልጅ የዚህን ቤት ደፍ አትረግጥም!» ብለዋል ለልጃቸው ለኪቴ። ቦራም ይህን እያወቀች ነው በአዲስ ዓመት ጠዋት ሽክ ብላ ለብሳ በደቡብ ኮሪያ ሞክፖ ወደብ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው የሄደችው። ድፍረት እንደሆነ ከልጅነቷም አልጎደላትም።

ኪቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የተዋወቁት ቦራም ለሕክምና ወደ ጓንግጁ ከተማ ስትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጣ ሲያጥወለውላት በመስታወቱ አያትና መጥታ ከፊት እንድትቀመጥ ጠራት።

«ለምን? ቁንጅናዬ ማርኮህ ነው?»

«አይ፣ ወንበሬን እንዳታበላሺብኝ ብዬ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ውስጥ መተያየት ልማድ ሆነባቸው። ዓመት ሳይሞላ ኪቴ ላግባሽ አላት።

እግሯ ቆዳ ላይ የጀመረው ካንሰር ሳንባዋ ደርሶ ነበር። ደግነቱ አዲሱ መድኃኒት የገዛ ሰውነቷን መከላከያ ቀስቅሶ አዘመተበትና እብጠቱ በግማሽ ቀነሰ። ለማንም ያልተናገረችው ነገር ቢኖር፣ ከሰሞኑ ጭኗ መዛሉን፣ ፀጉሯን ላበጥር ስትልም ክንዷ አልታዘዝ ማለቱን ነው። ሐኪሙ «ድካም ከተሰማሽ ቶሎ ንገሪኝ» ብሏት ነበር። ብትነግረው ግን መድኃኒቱን ያቆምባታል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

«ደፍረሽ መጣሽ?» አሉ ኦክሱን በሩን ከፍተው።

«እጅ ልነሳ ነው፣ እማማ። በአዲስ ዓመት እጅ ሊነሳ የመጣ ሰው ይባረራል?»

«እማማ የምትዪው ማንን ነው?»

ማባረሩ ግን ነውር ነበር። ኦክሱን ፊታቸውን አኮሳትረው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቦራም ተንበርክካ ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ጎነበሰች። ደንቡ፣ እጅ የነሳው ይነሳል፣ ታላቁ ይመርቃል። ቦራም ልትነሳ ስትሞክር ጭኗ የሌላ ሰው ጭን ሆነባት። ደግማ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች።

ኦክሱን ነገሩን በሌላ ተረጎሙት። «አሃ! ካልመረቁኝ አልነሳም ማለትሽ ነው? በግድ ልታስመርቂኝ?»

ቦራም እውነቱን ልትናገር ነበር። ግን አቅም አጣሁ ብትል «አላልኩም?» ሊሏት ነው። እልህ ያዛት።

«አዎ» አለች ከወለሉ። «ሳይመርቁኝ አልነሳም።»

«እንግዲያው እዚያው ክረሚ!»

«እከርማለኋ!»

የበዓሉ ሾርባ ቀዘቀዘ። በሩ አጠገብ የቆመው ኪቴ ሊያነሳት ሲጠጋ ሁለቱም በአንድ አፍ «ተወን!» አሉት። ያን ያህል ዘመን ሲነዳ እንደዚያ ጠዋት መንገድ ጠፍቶበት አያውቅም።

ብዙ ከቆዩ በኋላ የኦክሱን ድምፅ ዝቅ አለ። «የዚህ ልጅ አባት በሬ የሚያክል ሰው ነበር። በተጋባን በሦስት ዓመታችን ቁርሱን በልቶ ወጣ፤ ለምሳ ሬሳው ገባ። ልጄ ያንን እንዲያይ አልፈልግም። ክፋት መስሎሻል?»

«አልመሰለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መጨረሻውን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ፣ እነዚያን ሦስት ዓመታት ይተዉአቸው ነበር?»

ኦክሱን ፊቷን ለማየት አገጯን ቀና አደረጉት። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ ግማሹን ሸፍኖታል።

«እስቲ ክንድሽን አንሺ።»

ክንዷ ትንሽ ብድግ ብሎ ወደቀ።

«አንቺ ልጅ! አልነሳም ነው ወይስ መነሳት አቃተሽ?»

«አቃተኝ» አለች ቦራም፤ እንባዋ መጣ። «ለሐኪሙ እንዳይነግሩብኝ! መድኃኒቱን ይነጥቀኛል። ከልጅዎ ጋር የምኖረው በሱ ነው።»

«ኪቴ! መኪና አስነሳ!» ብለው ጮኹ ኦክሱን፣ በብብቷ ገብተው እየደገፏት።

«የጡንቻ ብግነት ነው» አለ የጓንግጁው ሐኪም። «የተቀሰቀሰው መከላከያሽ ካንሰሩን ሲወጋ ጡንቻሽንም ጠላት አደረገው። ብትቆዪ ኖሮ ልብሽን ወይም መተንፈሻሽን ይይዝ ነበር። መድኃኒቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። ብግነቱን የሚያበርድ እንሰጥሻለን፤ ጉልበትሽ ቀስ እያለ ይመለሳል።»

«ካንሰሩስ?»

«ያለ መድኃኒቱም እንደቀነሰ የሚቆይላቸው አሉ፤ የሚያገረሽባቸውም አሉ። አንቺ ከየትኞቹ እንደሆንሽ አላውቅም።»

ሐኪሙ ሲወጣ ቦራም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሰማህ አይደል? ከእንግዲህ ቃል የምገባልህ ነገር የለኝም። ሂድ፤ አልቀየምህም።»

«ሹፌር ነኝ» አለ ኪቴ። «የትም ብሄድ መመለሴ አይቀርም።»

«አትቀልድ!»

«አልቀለድኩም። ዕድሜሽን አስልቼ አይደለም የወደድኩሽ። እወድሻለሁ፣ አለቀ።»

ኦክሱን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጥግ ቆመው ነበር። ወደ አልጋው ተጠጉና የዛለ እጇን ያዙ።

«ያን ጥያቄሽን መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። አልተዋቸውም ነበር። መጨረሻውን ባውቅም፣ አንዷን ቀን እንኳ ለማንም አልሰጥም ነበር።»

ቦራም ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«በይ ተነሺና እህል ብዪ» አሉ ኦክሱን፣ የራሳቸውን እንባ በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ሰርጉ በጸደይ ነው። ለካንሰር ብዬ ቀን አላዛውርም!»