ሙሉውን ያንብቡት

አቡ ራጂ የተገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከድንጋይ ደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነው። የምርጫው ውጤት ሲነገር በደስታ ሊተኩሱ የወጡ ሰዎች ናቸው ያገኙት። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ ተበጥሷል፤ መቁጠሪያው ግን ከእጁ አልወደቀም።

የፖሊሱ ሻምበል ሚልሄም በማግስቱ ጠዋት የተራራዋ መንደር ከፈር ሱማቅ ሲደርስ ዓይኑ ደም ለብሷል። ምርጫው በየእሑዱ ከአውራጃ አውራጃ እየዞረ ወር ሙሉ ሲያንከራትተው ከርሟል። ደረጃውን ወጥቶ ወርዶ አየው፤ ከዚያ የታችኛው እርከን ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ፈታ አደረገ።

«ገዳይዋን ይዘናል» አለው ወዲዕ ኻሊል። ወዲዕ ማታውን የቀድሞውን ሹም ሰሊምን አሸንፎ ሙኽታር፣ የመንደሩ ሹም፣ ሆኗል፤ የመንደሩ ማኅተምም የምንጩ ውሃ ተራም ከእንግዲህ በእሱ እጅ ነው። «ሰልማ ናት። ትናንት ጠዋት በሰው ፊት ‹ሞትህን ያሳየኝ› ስትለው ሁላችንም ሰምተናል።»

«ከያዛችኋትማ እኔን ምን አስጠራችሁ?»

«ፊርማ ያስፈልጋል ብለውን ነው።»

ሚልሄም ተነፈሰ። ይሄን ዓይነት ፊርማ ቢፈርም ኖሮ ድሮ ሹመት ባገኘ ነበር።

ሟቹ የወዲዕ የምርጫ «ቁልፍ» ነበር። በእኛ አገር ቁልፍ የሚባለው የሰውን ድምፅ ኪሱ ውስጥ የሚይዝ ሰው ነው። መራጩ የተጻፈ ወረቀት ከእሱ ይቀበልና ሳጥን ውስጥ ይከታል። ስሙ የአንድ ሰው ቢሆንም አጻጻፉ በየቤቱ ይለያያል፤ ለአንዱ «ወዲዕ ኻሊል»፣ ለአንዱ «ወዲዕ ኻሊል ዮሴፍ»፣ ለሌላው ደግሞ ሌላ። ማታ ወረቀቶቹ ጮክ ተብለው ሲነበቡ አቡ ራጂ መስኮት ሥር ቆሞ መቁጠሪያውን እየገፋ ያዳምጣል። ማን ቃሉን እንደጠበቀ፣ ማን እንደከዳው በጆሮው ያውቃል። ሕጉ ይከለክላል፤ ሕጉ ግን እኛ ተራራ ላይ እስኪደርስ ይደክመዋል።

ሰልማን የአንደኛ ክፍል ልጆች ወንበር ላይ አስቀምጠዋት አገኛት። ባሏ የሞተባት፣ አጭርና ቀጭን ሴት ናት፤ ሰው በልጇ ስም ኡም ሻርቤል፣ የሻርቤል እናት፣ ይላታል።

«ኡም ሻርቤል፣ ሰድበሽዋል ይላሉ።»

«ሰድቤዋለሁ። ቢነሳም እደግመዋለሁ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ባሌ ሲሞት ሰሊም የውሃ ተራዬን ለወዳጆቹ አደለው። ፖሞቼ ቆመው እየደረቁ ነው። አቡ ራጂ ‹ወዲዕን ምረጪ፣ ውሃሽ ይመለሳል› አለኝ፤ እሺ ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ‹ወረቀትሽን ካልሰማሁ ዛፎችሽን ለማገዶ ቁረጪያቸው› ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ።»

«ወረቀቱን ከተትሽው?»

«በልጄ በሻርቤል እምላለሁ፣ ከትቼዋለሁ! ‹ክቡር ወዲዕ ኻሊል› ይላል። በሩ ጋ ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ፤ አልተነበበም። አሁን ማን ያምነኛል? እኔ ከታሰርኩ ያንን መሬት ማን ይይዝልኛል? ልጄ ምን በልቶ ያድጋል?» ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ከደረጃው አጠገብ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ጄኔሬተሩ ያገሳል። ባለቤቱ ኒምር የተሸነፈው የሰሊም ታናሽ ወንድም ነው፤ ናፍጣ ሲሞላ አገኘው።

«ማታ ምን ሰማህ?»

«ምን አሉኝ?»

«ምን ሰማህ ነው የምልህ!»

«ወደዚያ ፈቀቅ እንበል፣ ሻምበል። እዚህ ሰው ቢታረድም አይሰማም።»

እስከ አጥሩ ሄዱ። ማዶ ተዳፋቱ ላይ ሁለት የፖም ማሳዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ ለምለም ነው፣ የሌላው ቅጠል ተጠቅልሏል።

«ያ የደረቀው የማን ነው?»

«የእኔ» አለ ኒምር። «ለምለሙ የሰሊም።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«እዚያው ሞተሬ ጋ። ንቅንቅ አላልኩም። ሰልማን ሲያዋርዳት ግን ሰምቻለሁ። ‹ወረቀትህ አልወጣም፣ ውሃውን እርሳው› አላት። ከዚያ ግርግር ሆነ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።»

«ሄደህ አላየህም?»

«የሰው ጠብ ምን ያደርግልኛል?»

«መቼም አንተ የመረጥከው…»

«ሰሊም የእናቴ ልጅ ነው!» አለ ኒምር ተቆጥቶ።

የቀረው ወረቀቶቹን ያነበበው መምህር ራምዚ ነው። ለምርጫው ከባሕር ዳርቻ የተላከ እንግዳ ነው፤ ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«ጉሮሮዎ ምን ሆነ?»

«ስም ጨረሰው! ቀኑን ሙሉ አስመርጬ፣ ማታውን ሙሉ ሳነብ። የአባት፣ የአያት፣ ክቡር፣ ምናምን… ግማሽ ላይ ስደርስ በቃኝ። ‹ወዲዕ›፣ ‹ሰሊም› ብቻ እያልኩ ጨረስኩት። ድምፅ ድምፅ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?»

ሚልሄም ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረውም። እሱም የተራራ ልጅ ነው።

የአውራጃው ዳኛ የድምፅ ወረቀቶቹ የታሸጉበት ከረጢት ለምርመራው እንዲከፈት ፈቀደ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ወዲዕ ከፊት፣ ሰሊምና ኒምር መስኮቱ ጋ፣ ሰልማ በሁለት ፖሊሶች መካከል።

«መምህር፣ ዛሬ ሙሉውን ያንብቡት» አለ ሚልሄም።

ራምዚ በተዘጋ ድምፁ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ «ክቡር ወዲዕ ኻሊል» አለ። ሰልማ አፏን በእጇ ያዘች።

«እንግዲህ ሰምታችኋል» አለ ሚልሄም። «ኡም ሻርቤል ቃሏን ጠብቃለች። አቡ ራጂ ያልሰማት መምህሩ ስለደከመው ነው። እንዲህ ተቆርጦ የቀረ ወረቀት ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ኒምር፣ አቡ ራጂ ምን አለ ነበር ያልከኝ?»

«ነግሬዎታለሁ።»

«‹ወረቀትህ አልወጣም፣ ውሃውን እርሳው።› ሴትን ልጅ ‹ወረቀትህ› አይላትም። ሰው ሲዋሽ ብዙ ነገር ይቀይራል፤ ጆሮው ላይ የቀረ ስድብ ግን እንደተነገረው ነው የሚወጣው። ደግሞ ከሞተርህ ንቅንቅ አላልኩም ብለሃል። እዚያ ቆሜ ስጮህብህ እንኳ አልሰማኸኝም።»

«እኔ ከአቡ ራጂ ወረቀት ምን አለኝ? ወንድሜ እየተወዳደረ!»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው። መምህር፣ ይቀጥሉ።»

ወረቀት በወረቀት ተነበበ። ሰዉ ማዛጋት ሲጀምር ራምዚ አንዱን ገልጦ ግራ ተጋባ። «ወዲዕ… የሐንኔ ልጅ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወዲዕ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «እናቴን ማነው እዚህ ያመጣት?»

«አቡ ራጂ ነዋ» አለ ሚልሄም። «ቀልድ ይወድ ነበር አሉ። በእናቱ ልጅ ላይ ለሚመርጥ ሰው በእናት ስም ጻፈለት።»

ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ኒምር ብቻ መጀመሪያውኑ አልሳቀም። ወረቀቱን አተኩሮ እያየ ነበር።

«ወጥቷል» አለ። «ወጥቷል እኮ! ማልኩለት፣ በእናታችን መቃብር ማልኩለት። ‹ወንድምህን የከዳህ እኔን አትከዳም?› ብሎ ሳቀብኝ። አንገቱን ያዝኩት… ከደረጃው ወደቀ። ልገድለው አልነበረም። ዝም እንዲል ነበር የፈለግኩት።»

«ለሰልማስ አላሰብክም?» አለው ሚልሄም።



ሰሊም ወደ ወንድሙ ዞረ። «ለውሃ ብለህ ነው?» አለ። «እኔን አትጠይቀኝም ነበር?»

«ጠይቄሃለሁ፣ ሰሊም። በየበጋው ጠይቄሃለሁ።»

ፖሊሶቹ ሰልማን ትተው ወደ ኒምር ሄዱ። ራምዚ የቀሩትን ወረቀቶች እንደያዘ ቆሟል።

«ልቀጥል?» አለ።

«ይብቃ፣ መምህር። ሄደው ይተኙ።»

ወዲዕ ቶሎ ብሎ ወደ ሰልማ ቀረበ። «ኡም ሻርቤል፣ ይቅር በይኝ። ከነገ ጀምሮ የውሃ ተራሽ ይመለሳል። ወረቀትሽ መውጣቱን ሁላችንም ሰምተናል።»

ሰልማ ሻርፗን አስተካከለች። «ባይወጣስ ኖሮ?» ብላ ጠየቀችው።

ወዲዕ ሚልሄምን አየ፤ ሚልሄም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።